በመጽሐፉ ውስጥ የማትናገረው ሴት

ኦርሊና ስቲድሃም ወሬ የማያልቅባት ሴት ነበረች። በኬንተኪ ተራሮች፣ በቴተር ሸለቆ ውስጥ ሰዎች ተሰብስበው ከሳቁ እሷ መሃላቸው አለች ማለት ነው። የሰው አነጋገር መኮረጅ ትችልበታለች። የማዕድን ኩባንያውን ሐኪም፣ ሰባኪውን፣ ባሏን ሆባርትን እንኳ እፊታቸው ቆማ ታስመስላቸዋለች፤ እነሱም አብረው ይስቃሉ። እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምራ ስለነበር መጻፍ የማይችል ጎረቤት ሁሉ ደብዳቤ የሚያስጽፈው እሷን ነው። ዲትሮይት መኪና ፋብሪካ የገባ ልጅ የነበራት ጎረቤቷ ቨርሲ፣ ወጥ ቤት ቁጭ ብላ እያስጻፈች፣ «አደራሽን በጣም አታሳምሪው፣ እናቴ አይደለችም ይለኛል» ትላት ነበር።

ድሆች ነበሩ፤ ይህን ማንም አይክድም። ሆባርት ሃያ ሁለት ዓመት ከሰል ሲቆፍር ኖሮ፣ ኩባንያው ማሽን ባስገባ ጊዜ ከተቀነሱት አንዱ ሆነ። ያን ጊዜ ሳንባው በአቧራ ተደፍኖ ነበርና ሌላ ሥራም የሚቀጥረው አላገኘም። በረዶ ሲጥል ምግባቸው ቦሎቄና የበቆሎ ዳቦ ነው። ነፋስ እንዳይገባ ግድግዳውን በዱቄት ማጣበቂያ ጋዜጣ ይለጥፉበታል። ኦርሊና ግን እንደ ሌላው ሰው ጋዜጣውን እንደመጣላት አትለጥፍም። መስመሩን አስተካክላ፣ ትልልቅ ፊደል ያለውን ገጽ ለታችኛው ግድግዳ መርጣ ነው የምትለጥፈው። ልጇ ዴልፊ ማንበብ የለመደችው ከአልጋዋ አጠገብ ካለው ግድግዳ ነው። ከዴልፊ በፊት ካርል የሚባል ወንድ ልጅ ነበራቸው፤ በስምንት ወሩ ትክትክ ገደለው።

ፕሬዚዳንቱ በድህነት ላይ ጦርነት አውጀናል ባሉበት ዓመት፣ ቅጠል መርገፍ ሲጀምር፣ ዌስተን ፔል የሚባል ደራሲ ከኒው ዮርክ መጣ። ረጅም፣ ትሑት፣ ሰው ሲናገር አንገቱን ዘንበል አድርጎ የሚሰማ ሰው ነበር። ቤታችሁ ጥቂት ቀን ልሰንብት ብሎ ሆባርትን ጠየቀው። ሆባርትም እንግዳ መመለስ አይሆንለትምና እሺ አለው።

ክፉ አጋጣሚ ሆኖ፣ ሰውየው ከመምጣቱ ከሦስት ቀን በፊት ኦርሊና የላይኛው ጥርሶቿን በሙሉ ተነቅላ ነበር። ለዓመታት ሲያሰቃዩዋት ቆይተው፣ ወረዳው ከተማ በወር አንድ ጊዜ የሚመጣ የጥርስ ሐኪም በአንድ ቀን ጨረሰላት። ሰው ሠራሹ ጥርስ ከስድስት ሳምንት በኋላ ይደርሳል ተብላለች። ድዷ አብጧል፣ ከንፈሯ ወደ ውስጥ ገብቷል፣ ስትናገር ቃሉ እየተንሸራተተ ይወጣል። ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነበር፤ በመስታወት ስታይ ግን እናቷን ታያለች። የኒው ዮርክ ሰው እንዲህ ሆና ሊያያት ነው። መሐረቧን አፏ ላይ አድርጋ ዝም ለማለት ወሰነች።

ዌስተን ፔል አሥራ አንድ ቀን ተቀመጠ። ከሰል ይሸከማል፣ ውኃ ይቀዳል፣ የቀረበለትን ይበላል። ሆባርት ወደደው።

«ለመሆኑ ምንድን ነው የምትጽፈው?» አለው አንድ ቀን።

«እውነቱን።»

«እውነቱማ ጣራው ያፈሳል። እሱን በአንድ መስመር ትጨርሰዋለህ። የቀረውን ቀን ምን ልትሠራ ነው?»

ኦርሊና ከምድጃው አጠገብ ሆና ሳቋ መጣ፤ መሐረቡን አጥብቃ ያዘች። ለዚህ መልስ ነበራት፣ ባሏን የሚያስቅ፣ እንግዳውንም የሚያስቅ። ዋጠችው።

በስድስተኛው ቀን ልብስ እያሰጣች ሳለ ሰውየው ወደ እሷ መጣ። «ወይዘሮ ስቲድሃም፣ ስለ ነገ ሲያስቡ ምን ይታይዎታል?» ሲል ጠየቃት። ነገ ማክሰኞ ነው፣ ማክሰኞ ልብስ የምተኩስበት ቀን ነው፣ የአንተንም ሸሚዝ አምጣው ልትለው ፈልጋ ነበር። ራሷን ነቅንቃ ወደ ተራራው ዞረች። እሱም ማስታወሻ ደብተሩን አወጣ። ሌላ ቀን ደግሞ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የካርልን ፎቶ አይቶ ጠየቀ፤ ሆባርት ነገረው። ኦርሊና ጥርስ የሌለውን አፏን ላለመክፈት ፊቷን እንደ ድንጋይ አደረገችው። ማልቀስ የጀመረች እንደሆነ አፏ መከፈቱ አይቀርም።

ሲሄድ ጨብጧት፣ «ከእርስዎ ብዙ ተምሬአለሁ» አላት። ምን እንደተማረ አልገባትም።

ከዚያ በኋላ ጥርሱ መጣ፣ ኦርሊና ወደ ወሬዋ ተመለሰች፣ ሰውየውን እንዴት አንገቱን እንደሚያዘነብል እያስመሰለች ሸለቆውን አሳቀች። ሁለት ዓመት አለፈ።

መጽሐፉ ወጥቶ፣ ትልቅ ሽልማት አግኝቶ፣ ትምህርት ቤት መነበብ እንደጀመረ ያወቁት ዴልፊ አሥራ አምስት ዓመት ሲሆናት ነው። በወረዳው ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሚስ ታልማጅ የምትባል ወጣት የሥነ ጽሑፍ መምህርት ነበረች። «ይህ መጽሐፍ ድምፅ ለሌላቸው ድምፅ የሰጠ ነው፤ ደግሞም ስለ እኛው አካባቢ ነው» ብላ አከፋፈለች። ስሞቹ ተለውጠዋል። ሆባርት ሌላ ስም ተሰጥቶታል፣ ኦርሊና ኔል ተብላለች። ነገር ግን ቤቱ፣ ወንዙ፣ ሆባርት ያቃናው የተጣመመ የብረት አልጋ፣ ሰማያዊ አበባ ያለው የኦርሊና ቀሚስ፣ ሁሉም እንዳለ አለ። ክፍሉ ውስጥ ያለ ልጅ በሙሉ የማን ቤት እንደሆነ በሁለት ገጽ ውስጥ ለየው። በማግስቱ ዴልፊ ምሳዋን ይዛ ስታልፍ አንዱ ጎረምሳ፣ «ዴልፊ፣ እናትሽ ዛሬ ተናገረች እንዴ?» አላት፤ ጠረጴዛው ሁሉ ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ «የኔል ልጅ» ተባለች።

መጽሐፉን አምጥታ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ጣለችው። «አንብቢው» አለች።

ኦርሊና በሁለት ቀን ውስጥ፣ ከሥራ ሥራ በሚተርፋት ጊዜ፣ አንብባ ጨረሰችው። አጻጻፉ ያምር ነበር፤ ይህን ክዳ አታውቅም። ኔል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ቃል አትናገርም። «ስለ ነገ ጠየቅኋት፤ ራሷን ነቀነቀች። ለእሷ ነገ የሚባል ነገር የለም» ይላል አንድ ቦታ። «ስለ ሞተው ልጇ ሲወራ ፊቷ ላይ ምንም አልተንቀሳቀሰም፤ ድህነት ሐዘኗን እንኳ ቀምቷታል» ይላል ሌላ ቦታ። «ግድግዳዎቹ ማንም በማያነባቸው ጋዜጦች ተለብጠዋል» የሚለው ላይ ስትደርስ መጽሐፉን ዘግታ ተነሥታ ውኃ ጠጣች፣ ተመልሳ ቀጠለች።

«ምን ይላል?» አላት ሆባርት።

«አንተ ጥሩ ሰው ነህ ይላል። እኔ ሞቻለሁ ይላል።»

ዴልፊ በሩ ላይ ቆማ ነበር። «ለምን ዝም አልሽ?» አለች። «ዓመት ሙሉ ስታወሪ፣ ያቺን አሥራ አንድ ቀን ብቻ ለምን ዝም አልሽ?»

«ጥርስ አልነበረኝም፣ ልጄ።»

«ታዲያ ይህንን ለእያንዳንዱ ሰው እየዞርኩ ልናገር?»

ኦርሊና መጽሐፉን አንሥታ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችው። በሳምንቱ ግን ጥሩ ቀሚሷን ለብሳ፣ ጥርሷን አስተካክላ፣ በጎረቤት መኪና ወረዳ ከተማ ወርዳ መምህርቷን አነጋገረች። ሚስ ታልማጅ ደግ ልጅ ነበረች። ወንበር ሰጠቻት፣ ከልቧ አዳመጠቻት።

«ወይዘሮ ስቲድሃም፣ ሥነ ጽሑፍ እንዲህ ቃል በቃል አይወሰድም» አለቻት። «ኔል እርስዎ አይደሉም። ኔል የአንድ ኑሮ ምልክት ናት።»

«ምልክት ከሆነች የኔን ቀሚስ ለምን አለበሳት?»

መምህርቷ ፈገግ አለች፤ ከዚያም ሐሳብ መጣላት። ተማሪዎቹን ለምን አያናግሯቸውም አለች። ኦርሊና የሚሻል መስሏት እሺ አለች። ሠላሳ ልጆች ፊት ቆማ የጥርሷን ነገር ነገረቻቸው፤ እያበጠ ስለ ነበረው ድዷ፣ ስለ መሐረቡ፣ ሆባርት ስለ ጣራው ስላለው። ሌላ ቀን ቢሆን ሸለቆውን በሳቅ የሚያፈርስ ወሬ ነበር። ልጆቹ አልሳቁም። በአዘኔታ ነበር የሚያዩዋት። አንዷ ልጅ እጇን አውጥታ፣ «ስለዚህ ደራሲው ዋሽቷል?» አለች።

ሚስ ታልማጅ መልሱን ከኦርሊና አፍ ወሰደችው። «አያችሁ» አለች፣ «ሰው በችግር ውስጥ ሲኖር ክብሩን ለመጠበቅ ይቀልዳል። ቀልዱ ራሱ የዝምታ ዓይነት ነው።» ይህንንም ሰሌዳው ላይ ጻፈችው። ልጆቹ ገለበጡት። ዴልፊ ከኋላ ወንበር ራሷን ዴስኩ ላይ ደፍታ ነበር፤ እናቷ ስትወጣም ቀና አላለችም።

ያን ክረምት ኦርሊና ለዌስተን ፔል ደብዳቤ ጻፈች። መለሰላት፤ ደብዳቤው በእጅ የተጻፈ፣ ሁለት ገጽ፣ አክብሮት የሞላበት ነበር። በጣም ማዘኑን ገለጸ። የጥርሱን ነገር ባለማወቁም እንደሚቆጭ ጻፈ። «ያን ቀን ነግረውኝ ቢሆን ኖሮ» ይላል፣ «የመጽሐፉ ጠንካራው ምዕራፍ እሱ ይሆን ነበር።» ኦርሊና ይህችን መስመር ደጋግማ አነበበቻት። ጥርሷን ቢያውቅ ኖሮ ጥርሷን ነበር የሚጽፈው።

ስለዚህ እኔው እጽፈዋለሁ ብላ ተነሣች። በሦስት የተማሪ ደብተር ላይ፣ እስከ ሚያዝያ ድረስ፣ እራት ከተነሣ በኋላ ጻፈች። ቨርሲንና የዲትሮይቱን ልጅ፣ አጎቷ በቅሎ ይዞ ቤተ ክርስቲያን የገባበትን ቀን፣ ካርልን። ስለ ካርል የጻፈችው አንድ ገጽ ብቻ ነበር፤ ሆባርት ሲነበብለት ተነሥቶ ውጭ ወጣ። ርሃቡንም ጽፋዋለች፤ አልደበቀችውም። ኒው ዮርክ ላለ አንድ መጽሔት ላከችው።

ከአምስት ወር በኋላ ደብተሮቹ ከአጭር ደብዳቤ ጋር ተመለሱ። ሞቅ ያለ ጽሑፍ ነው ይላል። ግን ሰዎቹ በጣም ይቀልዳሉ፤ አንባቢ ድህነቱ አይሰማውም። በተጨማሪም አዘጋጆቹ እውነቱን ለመናገር አንድ ጥርጣሬ አድሮባቸዋል፤ ይህ በዚያ ተራራ በምትኖር ሴት የተጻፈ አይመስልም። ለንጽጽር እንዲያነቡት ብለው አንድ መጽሐፍ ጠቆሟት። የዌስተን ፔልን።

ሆባርት ሲሰማ ሳቀ። እስኪያስለው ሳቀ፣ ከዚያ ሳሉ አልቆም አለ፣ መሐረቡ ላይ ጥቁርና ቀይ ነገር ወጣ። ኦርሊና ጀርባውን እየደገፈች ቆየች። ደብተሮቹን ዱቄት ከሚቀመጥበት ሣጥን ሥር አስቀመጠቻቸው፣ ከዚያ ወዲያ አልከፈተቻቸውም።

ሆባርት በዚያ ዓመት አልጋ ላይ ዋለ። ሰዎች ደግሞ በመኪና መምጣት ጀመሩ። የኮሌጅ ተማሪዎች፣ የኦሃዮ ቤተ ክርስቲያን ማኅበሮች፣ ባልና ሚስት ሽማግሌዎች፣ መጽሐፉን በእጃቸው የያዙ። የኔል ቤት ይህ ነው ወይ ይላሉ። በመጀመሪያ ኦርሊና ወንበር አውጥታ ታጫውታቸው ነበር። ስታወራ ግን ፊታቸው ላይ አንድ ነገር ይጠፋል፤ ሰዓታቸውን ያያሉ፣ ቶሎ ይሄዳሉ። አንድ ቀን ጉንፋን ይዟት ድምፅዋ ተዘግቶ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ሳለ ከሲንሲናቲ ሦስት ሴቶች መጡ። ምንም ሳትላቸው አዩዋት። አንዷ አለቀሰች። መኪናቸው ውስጥ የነበረውን ብርድ ልብስ፣ የቆርቆሮ ሥጋ፣ አንድ ትንሽ የጋዝ ማሞቂያ አራግፈው ሄዱ። ሆባርት ያን ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይንቀጠቀጥ ተኛ።

ከዚያ በኋላ መኪና ሲመጣ ስትሰማ ኦርሊና ጥርሷን አውልቃ ሽርጧ ኪስ ውስጥ ትጨምራለች። ሰማያዊ አበባ ያለውን ቀሚስ፣ አልቆ የተቀደደውን፣ ከጓዳ አውጥታ ትለብሳለች። በረንዳው ላይ ትቀመጣለች፣ ወደ ተራራው ታያለች፣ ሲጠይቋት ራሷን ትነቀንቃለች። ታውቅበት ነበር፤ ሰው ማስመሰል ድሮም ትችልበታለች። ቨርሲ ካጥሩ ማዶ አይታት፣ መጀመሪያ ቀን ሳቀች። ሁለተኛ ቀን አልሳቀችም። ሦስተኛ ቀን ወደ ቤቷ ገባች።

ዴልፊ አንድ ዓርብ ቀን ከትምህርት ቤት አውቶቡስ ወርዳ ስትመጣ መኪና ቆሞ አገኘች። እንግዶቹ ፎቶ እያነሡ ነበር። እናቷ አፏ ወደ ውስጥ ገብቶ፣ እጆቿ ጉልበቷ ላይ ወድቀው፣ ዓይኖቿ ባዶ ሆነው ተቀምጣለች። ዴልፊ ከዛፍ ጀርባ ቆማ መኪናው እስኪሄድ ጠበቀች።

«እማ፣ እያወቅሽ ነው የምታደርጊው?»

ኦርሊና ጥርሷን መልሳ አደረገች። «አባትሽ ማሞቂያ ያስፈልገዋል።»

«መጽሐፉ ውሸት ነው ብለሽ ትምህርት ቤቴ መጥተሽ ተናግረሽ ነበር።»

«መጥቼ ነበር። ማን ሰማኝ?»

«እኔ ሰምቼሻለሁ» አለች ዴልፊ። «እኔ አምኜሽ ነበር። ለእነሱ ስትናገሪ ሳይሆን ማታ ማታ ደብተሮቹን ለአባዬ ስታነቢ።» እንግዶቹ ትተውት የሄዱትን የዕቃ ካርቶን በእግሯ ገፋችው። «አሁንማ ቢስቁብኝ ምን ልበላቸው? ትክክል ናቸው።»

ኦርሊና ልትይዛት እጇን ዘረጋች፤ ልጅቷ ወደ ውስጥ ገብታ በሩን ዘጋች። እናትየው ካርቶኑን አንሥታ አስገባችው፤ ውስጡ ወተት ነበር፣ ይበላሻል።

ዴልፊ አሥራ ሰባት ዓመት ሲሞላት ትምህርቷን ሳትጨርስ ኦሃዮ፣ ዴይተን ሄደች። ሆባርት ከዚያ በኋላ አንድ ክረምት ብቻ ቆየ። የሞተ ቀን ከበረንዳው ፊት የእንግዶች መኪና ቆሞ ነበር፤ ኦርሊና ከውስጥ ወጥታ፣ «ባሌ ሞቷል፣ ሂዱ» አለቻቸው። እነሱ ግን መናገሯ እንግዳ ሆኖባቸው ለጥቂት ጊዜ እንደ ቆሙ ቀሩ። ዴልፊ ለቀብሩ መጣች፣ በማግስቱ ተመለሰች።

ከስድስት ዓመት በኋላ አንድ ኩባንያ ተራራውን ከአናቱ እየገፈፈ ከሰል ማውጣት ጀመረ። የመቃብር ጉብታው አብሮ ሄደ። አጽሞቹን አዛውረናል ተባለ፤ የትኛው ሆባርት የትኛው ካርል እንደሆነ ሊያሳያት የቻለ ሰው ግን አልተገኘም። ወንዙ ቢጫ ሆነ፣ የውኃ ጉድጓዱ ከረፋ፣ ቨርሲም ልጇ ዘንድ ዲትሮይት ሄደች። ዴልፊ ያን ጊዜ ጋሪ የሚባል የኢንሹራንስ ሠራተኛ አግብታ ነበር። መጥታ እናቷን በአንድ ሻንጣ ወሰደቻት። ከዱቄቱ ሣጥን ሥር ያሉትን ደብተሮች ማንም አላስታወሰም፤ ቤቱ በሳምንቱ በዶዘር ተደረመሰ።

መኪናው ዴይተን ሊገባ ሲል ዴልፊ መንገድ ዳር አቆመች። መሪውን እንደያዘች ነበር የተናገረችው።

«እማ፣ ጋሪ ከሌክሲንግተን እንደሆንን ነው የሚያውቀው። አባዬ ሱቅ ነበረው ብዬዋለሁ።»

«ምን ዓይነት ሱቅ?»

«የሃርድዌር።»

ኦርሊና ትንሽ አሰበች። «ሚስማር ይሸጥ ነበር እንግዲህ» አለች። ዴልፊ አልሳቀችም፤ ምናልባት አልሰማቻትም። መኪናውን አስነሣች።

ዴይተን አራት ዓመት ኖረች፣ ፎቅ ላይ ባለች ንጹሕ ክፍል። የተራራ አነጋገሯ እንዳያጋልጣቸው ጎረቤት ሲመጣ ትንሽ ቃል ብቻ ትናገር ነበር፤ በመጨረሻም እሱንም ተወችው። ቨርሲ አንድ እሑድ ከዲትሮይት ስልክ ደወለች። ወንበር ስባ፣ ረጅም ወሬ ልትሰማ ተዘጋጅታ። «እስቲ በይ፣ እነዚያን የከተማ ሰዎች አስመስያቸው» አለቻት።

«ደህና ነኝ፣ ቨርሲ» አለች ኦርሊና። «ደህና ነኝ።» ስልኩንም ለዴልፊ ሰጠቻት።

በሃምሳ አራት ዓመቷ፣ በመጋቢት ወር፣ ደም ራሷ ውስጥ ፈስሶ ሆስፒታል ገባች፣ በሦስተኛው ቀን አረፈች። የሆስፒታሉ ጸሐፊ ለዴልፊ ቅጽ ሰጠቻት። ጋሪ ትከሻዋን ይዞ አጠገቧ ቆሞ ነበር። ስም የሚለው ላይ ጻፈች። ዕድሜ የሚለው ላይ ጻፈች። የትውልድ ቦታ የሚለው ጋ ስትደርስ እስክሪብቶዋ ቆመ፤ ጸሐፊዋ ቀና ብላ እስክታያት ድረስ ቆመ። ከዚያ ሌክሲንግተን ብላ ጻፈችና ወረቀቱን መለሰች።